ዘውድ የደፋው አንበሳ

በክርክር ተሸንፌ አላውቅም ስላችሁ ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ የቤተሰብ በሽታ ነው። አባቴ ሰፈር ውስጥ የአጥር ጠብ ሲነሳ ሳይጠሩት ሄዶ የሚከራከር ሰው ነበር። እኔም ከሱ መሬትም ቤትም አልወረስኩም፤ ምላሱን ግን ሳይሸራረፍ ወርሻለሁ። ዛሬ የማወራችሁ በአንዲት የአስር ፔንስ ሳንቲም የተነሳ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስከራከር ውዬ ከረታሁ በኋላ የደረሰብኝን ነው። ቦታው ፍራንክፈርት፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባንሆፍስፊርቴል በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሻንጣ ቤት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ታምራት ነው። በከተማዋ ሰሜን ጫፍ ቦናመስ፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እኖር ነበር። ሥራዬ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ መጫንና ማውረድ ሲሆን ቋሚ ኮንትራት ነበረኝ። ያንን «ቋሚ» የሚል ቃል ያገኘሁት ለብዙ ዓመት በጊዜያዊነት ወገቤ ከተቆረጠ በኋላ ስለሆነ፣ ሰው ሲጠራው ራሱ ደስ ይለኝ ነበር። ጀርመንኛዬም እንደምንም ተገርቶ ሰው የሚሰማው ሆኗል።

ባለቤቴ ፍሬሕይወት ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነርስ ናት። የተዋወቅነው አዲስ አበባ በአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። በዓመቱ ተጋባንና እሷ ወደ ሊድስ፣ እኔ ወደ ፍራንክፈርት ተመለስን። «ለጊዜው ነው» ተባብለን ነበር፤ ጊዜው ሦስት ዓመት ሆነ። አንድ ወር እሷ ትመጣለች፣ አንድ ወር እኔ እሄዳለሁ። ጎረቤቶቼ ሁልጊዜ ሻንጣ ይዤ ስገባና ስወጣ ስለሚያዩኝ ሥራዬን ቤቴ ድረስ ይዤ የምመጣ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ከዚያ ፍሬ አረገዘች። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ አውሮፕላን የምትሳፈርበት ጊዜም አጠረ፤ ከሁለት አንዳችን አገር መቀየር ግድ ሆነብን። ወረቀቱ ለሁለታችንም ይገኝ ነበር፤ ያልተገኘው እሺ የሚል ሰው ነው። እሷ የነርስነት ፈቃዷን ያገኘችው፣ ቀን ቀን አዛውንት እያጠበች፣ ማታ ማታ እያጠናች ነው። ጀርመን ከመጣች ጡት እያጠባች ከፊደል ልትጀምር ነው። እኔ ደግሞ ያ ቋሚ ኮንትራቴ አለ። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ልክ የሆኑ ሁለት ሰዎችን ማስታረቅ ደግሞ እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል። እናቷ ደወሉልኝ፣ እናቴ ደወለችላት። አንድ ዘመዳችን «ሚስት ባሏን ትከተል» ብለው ሲመክሯት አመስግናቸው ስልኩን ዘጋችው።

የሊድስ አለቃዋ ሰኞ ቁርጡን ማወቅ ትፈልጋለች። ስለዚህ ፍሬ ቅዳሜ ጠዋት ፍራንክፈርት ገባች፤ እሑድ ትመለሳለች። ቁርስ ላይ እንደገና ጀመርን፣ እንደገና ደከመን። በመጨረሻ እኔ ዕጣ እናውጣ አልኩ። ዕጣ የእግዜር ናት፤ ማንም ማንንም አሸነፈ አይባልም።

ፍሬ የያዘችውን ሹካ አስቀመጠችና አየችኝ። «እሺ» አለች። «ግን በወረቀት አይሆንም። አንተን አውቅሃለሁ፣ ጥጉን ታጥፋለህ። ሳንቲም ይወርወር፤ የሚወረውረውም ሌላ ሰው ይሁን።»

ሌላ ሰው ሲባል ለሁለታችንም የመጣልን አንድ ሰው ነው፤ ጋሽ እድሪስ። ጋሽ እድሪስ አስመራ ተወልደው መርካቶ ያደጉ፣ ፍራንክፈርት ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የመርካቶ፣ ቅላጼያቸው የአስመራ ነው። ሮደልሃይም የሚባል ሰፈር ይኖራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የልጃቸውን ሻንጣ ቤት ይጠብቃሉ። የእቁባችን ዳኛም እሳቸው ናቸው። ዕጣ ሲያወጡ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ይሰበስቡና ዓይናቸውን ጨፍነው ያወጣሉ። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ፤ «የወጣለት ይውሰድ፣ ከወደደም ለቸገረው ይስጥ።» በዚህ ቃል እናቱ የሞተችበት፣ ቤተሰብ የሚያስመጣ፣ ሥራ የፈታ ስንቱ ሰው ያልደረሰውን እቁብ ተሰጥቶት በልቷል። በዳኝነታቸው ታምተው አያውቁም።

አንድ ችግር ግን አለባቸው፤ የእንግሊዝ ሳንቲም ፍቅር። ከከተማዋ ወንዝ ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀሙ የሞሉት የብስኩት ጣሳ፣ ሚስታቸው እንደሚሉት፣ በመኝታ ቤታቸው ቀን በቀን እየወለደ ነው። ይህንን ችግራቸውን እያወቅን ሳንቲም ወርዋሪ አድርገን መምረጣችን የኛ ጥፋት ነው።

ሻንጣ ቤቱ ስንደርስ ጋሽ እድሪስ አዲስ የመጡ ካርቶኖችን ይከፍቱ ነበር። የካርቶኑን ፕላስተር በእጃቸው በያዙት ነገር ቀድደው፣ ሻንጣ አውጥተው፣ ዋጋ ይለጥፋሉ። የመጣንበትን ነገርናቸው። አልሳቁም። ሱቁ ውስጥ አንድ ብቻ የነበረውን ወንበር ለፍሬ ሰጧት፣ እኔን ትልቅ ሻንጣ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ የእንግሊዝ ሳንቲም የያዘ ማነው ብለው ጠየቁ።

«ዩሮ ምን አለው ጋሼ?» አልኩ።

«የጀርመኑ ዩሮ ላይ ንስር አለ፣ ቁጥር አለ። ዘውድም ጎፈርም የለውም» አሉ። «ዕጣ እንደ አገራችን ይሁን።»

እኔ የእንግሊዝ ሳንቲም የሚባል ነገር የለኝም። ከዚያ አገር ስወጣ ኪሴን አራግፌ ነው የምወጣው፤ የቀረችኝን ሳንቲም ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ በማስቲካ እጨርሳታለሁ። በዚህ ቁጠባዬ እኮራ ስለነበር ለጋሽ እድሪስም በዝርዝር አስረዳኋቸው። ፍሬ ሰምታ ዝም አለች። ከቦርሳዋ አንዲት አስር ፔንስ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ በአንድ በኩል ሟቿ ንግሥት ዘውዳቸውን ደፍተው፣ በሌላው በኩል አንበሳ። ለዘውድና ጎፈር ከዚህ የተሻለ ሳንቲም አይገኝም ተባለ። እኔ ከአፏ ቀድሜ «ዘውድ» አልኩ፤ ለሷ ጎፈር ቀረላት። ዘውድ ከወጣ ፍሬ ፍራንክፈርት ትመጣለች፣ ጎፈር ከወጣ እኔ ሊድስ እሄዳለሁ።

ጋሽ እድሪስ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሳንቲሟን አውራ ጣታቸው ላይ አደረጉ። ሊወረውሩ ሲሉ እጃቸውን መልሰው ወደ ዓይናቸው አስጠጉና «ይቺ እኮ ድሮ ሁለት ሽልንግ ነበረች» አሉ።

ትምህርቱ ተጀመረ። በድሮው ሥርዓት አንድ ፓውንድ ሃያ ሽልንግ ነው፣ አንዱ ሽልንግ አሥራ ሁለት ፔኒ። የፔኒው ግማሽ ላይ መርከብ ነበረ፣ ሩብ ፔኒው ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ወፍ። የሦስት ፔንሱ አሥራ ሁለት ማዕዘን ነበረው፤ የስድስት ፔንሱን ሙሽራ ለገድ ብላ ጫማዋ ውስጥ ታደርገዋለች። ሁለት ሽልንግ ከስድስት ፔንሱ ደግሞ ግማሽ ዘውድ ይባላል። ከዚያ ከሃምሳ ዓመት በፊት ያን ሁሉ ሽረው አንዱን ፓውንድ መቶ ፔንስ አደረጉት። «ለምን?» አሉ ጋሽ እድሪስ፣ የገዛ ቤታቸው የፈረሰ ይመስል። «ሕፃን እኮ በአሥራ ሁለት ማካፈል ይማርበት ነበር።»

ፍሬ ጫማዋን አወለቀችና የእግሯን እብጠት እያሸች «እኔ ስሞሸር ጫማዬ ውስጥ የነበረው ጠጠር ብቻ ነው» አለች። ይሄኔ ጋሽ እድሪስ አፈሩና ወረወሩ።

ሳንቲሟ ጣሪያው ሥር ከተሰቀሉት የጀርባ ቦርሳዎች አንዱን መታች፣ ወለሉ ላይ ተንከባለለችና በሻንጣዎቹ መሐል ገባች። ተንበርክኬ፣ አንድ ሁለቱን ጎትቼ፣ በስልኬ መብራት አየኋት። አንበሳው ወደ ላይ ነው።

«ጎፈር ነው አይደል?» አለች ፍሬ ከበላዬ። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር፤ ደስታዋን አፍና እንደያዘችው ግን ያስታውቃል። እኔ አልተነሳሁም። ቋሚ ኮንትራቴ በዓይኔ ላይ ሄደ፤ ዘጠነኛው ፎቅ ሄደ፤ የጀርመንኛውን ዴር፣ ዲ፣ ዳስ እያልኩ ያበድኩባቸው ክረምቶች ሁሉ ሄዱ። መብራቱን አስጠግቼ ሳየው፣ የዚያ የእንግሊዝ አንበሳ ራስ ላይ አንድ ነገር አለ። ትንሽ ናት፤ ግን አለች። የአባቴ ምላስ በውስጤ ተንቀሳቀሰ።

«ዘውድ ደፍቷል» አልኩ።

ጋሽ እድሪስ መነጽራቸውን ቀየሩ፣ ሳንቲሟን መስኮቱ ጋ ወሰዷት። ቆይተው «እውነቱን ነው» አሉ፤ «ደፍቷል።»

እዚህ ላይ ፍሬ የተናገረችውን ባልጽፈው ይሻላል። ጭብጡ ግን የማያሻማ ነበር። በልጅነታችን ባለ ሃምሳው ሽልንግ ላይ በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው በኩል ሰዎች ነበሩ፤ ዘውድ የሚባል የትም የለበትም፤ ሆኖም አንበሳውን ጎፈር፣ የቀረውን ዘውድ እያልን ስንጫወት አድገናል። ስለዚህ አንበሳ ምንም ይልበስ ምን ጎፈር ነው። ጋሽ እድሪስም በጃንሆይ ጊዜ ሳንቲም ላይ አንበሳው ዘውድ ደፍቶ እንደነበርና ማንም ተከራክሮበት እንደማያውቅ አነሱ። እኔ የጃንሆይ ሕግ በእንግሊዝ ሳንቲም ላይ አይሠራም አልኩ። ውላችን «አንበሳ» ሳይሆን «ዘውድ» ይላል፤ ዘውድ ደግሞ ይሄው እየታየ ነው። ስናገር ብትሰሙኝ ታዝኑልኝ ነበር።

በመሐሉ አንዲት ጠና ያሉ ጀርመናዊት ትንሽ ሻንጣ ሊገዙ ገቡ። በአገራችን ሁለት ተከራካሪ ያገኘውን መንገደኛ አስቁሞ «ዳኘን» ይል ነበር፤ ጋሽ እድሪስም ሴትየዋን አስቁመው ሳንቲሟን አሳዩዋቸው። ሴትየዋ በትዕግሥት አገላብጠው አዩ። «ይሄ ኮፕፍ ነው» አሉ በንግሥቲቱ በኩል፤ ራስ ማለታቸው ነው። «ይሄ ደግሞ ጻል» አሉ አሥር በተጻፈበት በአንበሳው በኩል፤ ቁጥር ማለታቸው ነው። ማን ነው ጻል ያለው ብለው ጠየቁ። ማንም አላለም። «እንግዲያው ልክ አይደለም፣ ኖኽማል» ብለው ፈረዱ፤ እንደገና ማለት ነው። የሻንጣውን ዋጋ ከፍለው፣ ለፍሬ ሆድ መልካም ተመኝተው ሄዱ።

ጋሽ እድሪስ ፍርዱን አጸኑት። «የተጉረመረመበት ዕጣ ቤት አያቆምም» አሉ። ፍሬ ከንፈሯን ነክሳ ቦርሳዋን ከፈተችና ያለውን የእንግሊዝ ሳንቲም ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ይሄኔ አንድ ነገር አየሁ። ዙሪያው ወርቅማ፣ መሐሉ ብርማ የሆነ ሳንቲም ከሌሎቹ ጋር ሲወድቅ በፍጥነት አነሳችና በመዳፏ ደበቀችው። አንድ ፓውንድ ነው ብዬ ገመትኩ። የሚጠቅማትን አስቀርታ የማይጠቅማትን ልትሰጠን ነው ብዬም ጠረጠርኩ። አልተናገርኩም፤ ለቀጣዩ ክርክር አስቀመጥኩት።

ጋሽ እድሪስ ሳንቲሞቹን በጣታቸው እየገፉ መረመሩ። አንድ ፔኒው ላይ የብረት በር፣ ከበሩ በላይ ዘውድ። ሁለት ፔንሱ ላይ ላባ፣ ላባው ሥር ዘውድ። አምስቱ ላይ እሾሃም አበባ፣ አበባው ላይ ዘውድ። ሃያው ላይ ጽጌረዳ፤ ጽጌረዳዋም ደፍታለች። እነዚህ ሰዎች ዘውድ የማይጭኑበት ነገር ያላቸው አይመስልም።

«አየህ» አለችኝ ፍሬ፣ «ቀድመህ ዘውድ ያልከው ለዚህ ነው።»

በማርያም ምዬ አላወቅሁም አልኳት። ልታምነኝ አልፈለገችም። ፍራንክፈርት መኖር እንዲህ ካከራከረኝ፣ የልጁ ነገር ሲመጣማ ምን እንደምሆን ጠየቀችኝ። እኔ ወደ ሳንቲሞቹ ጠቆምኩ። ከመሐላቸው አዲስ የወጣ፣ ሰባት ማዕዘን ያለው ሃምሳ ፔንስ ነበር። በአንድ በኩል አዲሱ ንጉሥ፣ በሌላው በኩል ዓሣ። ንጉሡ ራሳቸውን ገልጠዋል፣ ዘውድ የለም። ዓሣው ደግሞ ጎፈር የለውም። ዘውድ በዝቶበት ጥርሳችንን ካፋጨው ቦርሳ የወጣው ብቸኛ ባዶ ራስ የንጉሡ ሆነ።

«ዘውዳቸውን የት ጥለው ነው?» አልኩ።

ጋሽ እድሪስ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ። በእንግሊዝ ሳንቲም ላይ ንግሥቶቹ ዘውድ ሲደፉ፣ የቅርብ ዘመኖቹ ነገሥታት ግን ራሳቸውን ገልጠው ነው የሚቀረጹት። ሌላም ልማድ አላቸው፤ አንዱ ወደ ቀኝ ካየ ተከታዩ ወደ ግራ ያያል። ንግሥቲቱን ከንጉሡ ጎን አስቀመጡልን፤ እናትና ልጅ ጀርባና ጀርባ ሆነዋል። ፍሬ ወደ በሩ፣ እኔ ወደ መደርደሪያው ዞረን ነው የተቀመጥነው። ጋሽ እድሪስ ይህን ሳያዩ አልቀሩም።

«አንድ ንጉሥ ብቻ አልዞርም አለ» ብለው ቀጠሉ። «ተራው በቀኝ ነበር። እሱ በግራ ነው ቆንጆ የምሆነው ብሎ ከሳንቲም ሠሪዎቹ ጋር ተሟገተ። ሲሟገት፣ ሲሟገት፣ ሳንቲሙ ለገበያ ሳይወጣ ዙፋኑን ለቀቀ።»

«በክርክሩ ምክንያት?» አልኩ፤ እንደኔ ያለ ሰው ያገኘሁ መስሎኝ።

«አይደለም። የሚወዳትን ሴት ከዘውድህ ጋር አይሆንም አሉት። ዘውዱን ተወና አገባት።»

ፍሬ «ጎበዝ» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

አሁን ያለ ሳንቲም ቀረን። ጋሽ እድሪስ ሮደልሃይም ሄደው ጣሳቸውን ሊያመጡ አሰቡ፤ ፍሬ ጣሳው ከመጣ በረራዋ እንደሚያመልጣት ነገረቻቸው። ተከዙ። ሲተክዙ እጃቸው አላርፍ ብሎ የሚቀጥለውን ካርቶን ፕላስተር መቅደድ ጀመረ። ያኔ ነው ፍሬ «ጋሼ፣ በእጅዎ የያዙት ምንድን ነው?» ያለችው።

መዳፋቸውን ዘረጉ። ሳንቲም ነው። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲከፍቱበት የዋሉት ሳንቲም ነው።

«ይሄማ ሽልንጌ ነው» አሉ፣ ቢላዬ ነው የሚሉ ይመስል። ልጅ ሆነው አስመራን እንግሊዝ ሲያስተዳድር በእጃቸው የገባ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። ያኔ እኛም ጋ በዚሁ ይነገድ ነበር፤ የራሳችን ብር ሲወጣ ሁለቱ ሽልንግ አንድ ብር ሆነ። ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ እያልን የኖርነው ከዚያ የተነሳ ነው አሉን። ይህን ያህል ሰዓት የእንግሊዝ ሳንቲም ፍለጋ ስንዳክር እንዴት ትዝ እንዳላላቸው ብጠይቃቸው «መሣሪያ እኮ ነው፣ ሳንቲም ነው ብዬ አላስብም» አሉኝ።

የእንግሊዝ ንጉሥ የተቀረጸበት ወገን ከእጅ እጅ ሲዞር፣ ካርቶን ሲቀድ ኖሮ ልሙጥ ሆኗል፤ ዘውድ ይድፋ አይድፋ የሚለይ የለም። በሌላው በኩል ግን ከተራሮች ፊት የቆመው አንበሳ ጎፈሩ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፤ ራሱም ባዶ ነው። አንበሳው ጎፈር፣ ልሙጡ ዘውድ፤ ከእንግዲህ ማንም ላይናገር ጋሽ እድሪስ ሁለታችንንም አስማሉን። የዚህን ጊዜ ትምህርትም አልነበረም። ወረወሩ፣ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ተቀበሉት፣ በግራቸው ከደኑት። ፍሬ ሆዷን ይዛለች። እኔ ምን ይዤ እንደነበር አላስታውስም።

እጃቸውን አነሱ። ልሙጡ ነው።

ረታሁ። ሻንጣው ላይ እንደተቀመጥኩ ያቺ «ቋሚ» የምትባል ቃል ተመልሳ ገባችልኝ። ፍሬ ቃሏን አላጠፈችም። «እሺ» አለች፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረች። ለአለቃዋ ሰኞ እነግራታለሁ አለች። ከዚያ ሳንቲሞቿን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳዋ መመለስ ጀመረች። ያንን በመዳፏ የደበቀችውን ግን ከሌሎቹ ጋር አልቀላቀለችውም፤ በቦርሳዋ ጎን ያለችውን ትንሽ ዚፕ ከፍታ ለብቻው ልታስገባው ስትል እኔ፣ ረትቼ እንኳ የማልጠግበው፣ አስቆምኳት።

«ያንን ፓውንድ ለምን ነው የደበቅሽው?»

«ፓውንድ አይደለም» አለች።

«አሳዪኝ።»

መዳፏን ከፈተች። አንድ ዩሮ ነው። ክብ፣ ተራ፣ ንስር ያለበት የጀርመን ዩሮ።

«የገበያ ጋሪ መፍቻ ነው» አለች። «ከዚህ ስሄድ ሁልጊዜ አንድ አስቀራለሁ። ስመለስ ቦናመስ ያለው ሱቅ ጋሪ ለመፍታት ሳንቲም እንዳላጣ። ሊድስ ሆኜ ቦርሳዬን ስከፍት አየዋለሁ። የምመለስበት ቤት እንዳለኝ አስታውስበታለሁ። እዚህ ፊት ባወጣው ትስቅብኛለህ ብዬ ነው።»

አልሳቅሁም። ስለማስቲካዬ አሰብኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሷ አገር በወጣሁ ቁጥር ኪሴን አራግፌ ነው የወጣሁት፤ አንዲት ፔኒ እንኳ ይዤ አልተመለስኩም። እንዲያውም ከጥቂት ሰዓት በፊት እዚሁ ተቀምጬ በዚያው ስኮራባት ሰምታ ዝም ብላለች። የመጀመሪያውንም ዕጣ የነጠቅኳት እኔ ነኝ። አንበሳው ጎፈር እንደነበረ ጃንሆይ ሳይቀሩ መስክረውላት ነበር። እኔ ያሸነፍኩት በአንዲት የሩዝ ፍሬ በማታህል ዘውድ ነው። በዚህ አፍሬ ነበር፤ ከሐፍረቱ የበለጠው ግን ሌላ ነው። ይቺን ሴት እንደዚያን ሰዓት ወድጃት አላውቅም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «የእቁቡን ቃል አላሉም እኮ።»

ጋሽ እድሪስ ካርቶናቸውን ትተው ቀና አሉ። ምን እንደማስብ የገባቸው ይመስለኛል፤ እጅጌያቸውን እንደገና ሰብስበው እንደ ወጉ አሉት። «የወጣለት ይውሰድ፣ ከወደደም ለቸገረው ይስጥ።»

«ሰጥቻለሁ» አልኩ። «ሊድስ እሄዳለሁ።»

ፍሬ ተቆጣች። «አዝነህልኝ ከሆነ አልፈልግም። ዕጣ ነው፣ ወጥቷል።»

«አላዘንኩልሽም። አንቺ እዚህ የምትመለሽበት ሳንቲም አለሽ፤ እኔ ግን እዚያ ምንም የለኝም። የቸገረው እኔ ነኝ።»

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ጋሽ እድሪስ እጃቸውን አነሱ። «የተሰጠ ዕጣ አይመለስም፣ የእቁብ ሕግ ነው» አሉ። «ይልቅ ተነሱ፤ ወላሂ እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ አንድ ካርቶን በወጉ አልከፈትኩም።» ፍሬ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ በኋላ ወደ ልቅሶ ሄደና እንደገና ተመለሰ። እኔ አላለቀስኩም ብል ጋሽ እድሪስ ምስክር አሉ፤ ይቅርብኝ።

እነሆ አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ከሊድስ ነው። ሁሉም ነገር ማር ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። «ቋሚ» የምትለዋ ቃል ጠፍታብኛለች፤ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ እንደገና ጊዜያዊ ሆኜ ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ፍሬ በሥራ ስትውል ከሕፃን ጋር መስኮት ላይ ቆሜ ዘጠነኛ ፎቄን የናፈቅሁባቸው ቀኖች አሉ። ልጃችን ሴት ናት፤ ስሟን ስጦታ አልናት። ጋሽ እድሪስ በስልክ ሽልንግ እንድትባል አጥብቀው ጠይቀው ነበር።

ክርክሩንስ ተውከው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልተውኩም፤ ከጉልበቴ በፊት የሚሞት አይመስለኝም። ትናንት እንኳ የእራት ዕቃ ማን ይጠብ በሚል ሳንቲም ወርውረን፣ ፓውንዱ ላይ ያሉት ንቦች ዘውድ ናቸው ወይስ ጎፈር ስንል አመሸን። ከዚያች ቅዳሜ የተማርኩት ሌላ ነው፤ ክርክር ስረታ፣ የተረታው ሰው ከጠረጴዛው ላይ ምን እያነሳ እንደሆነ አያለሁ። እናንተም ብታዩ አይከፋም። ቤተሰባችሁ በሁለት አገር የሚኖር ከሆነ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፤ ከወዳጃችሁ አገር ስትወጡ ኪሳችሁን አራግፋችሁ አትውጡ።

ባለፈው ወር ለጉብኝት ፍራንክፈርት ሄደን ነበር። ቦናመስ ሱቁ በር ላይ ስጦታን አቅፌ ጋሪውን ልፈታ ኪሴ ገባሁ፤ ፍሬም ቦርሳዋን ከፈተች። ሁለታችንም እኩል አወጣን፤ እሷ አንድ ዩሮ፣ እኔም አንድ ዩሮ። ከሊድስ ድረስ ይዤው የመጣሁት ነው።